ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ቅቤ

በሙሽርነት እዚያ ቤት ስገባ በደጃችንና በገደሉ አፋፍ መካከል አውድማው፣ የባቄላው ማሳና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ነበሩ። መንገዱ ለሁለት የተጫኑ አህዮች ጎን ለጎን ይበቃ ነበር። ከመንገዱ ወዲያ ጥቂት የጅባራ ተክል ቆሟል። ከጅባራው ወዲያ ምንም የለም። ቆላው ከታች፣ ሩቅ ነው።

አንኮበርን የሚያውቅ ሰው ያንን ባዶ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ጉም ከታች እየተነሣ ይሞላዋል። ነጭ ሆኖ እስከ አፋፉ ድረስ ይተኛል። ልጄ ትንሽ ሳለች ደጃፉ ላይ ቆማ፣ "እማዬ፣ እኛ እኮ ባሕር አጠገብ ነው የምንኖረው" ትለኝ ነበር። ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም አላየሁም።

መጀመሪያ የሄዱት ጅባራዎቹ ናቸው። ቀጥሎ መንገዱ መጥበብ ጀመረ። ከታች ያለው ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር የገደሉን እግር ይበላል፤ እግሩ ሲበላ ላዩ ይከተላል። ሰው የጮኸበት ቀን አልነበረም። መንገዱ ሲጠብ አላፊው በማሳችን ዳር መሄድ ጀመረ፤ ባለቤቴም አጥሩን ነቅሎ ወደ ውስጥ ተከለው። በዓመቱ እንደገና ነቀለው። አጥር ማዛወር እንደ አረም የታወቀ ሥራ ሆነ። ባቄላውን የምንዘራበት መሬት በየዓመቱ ሲያንስ፣ "ዘንድሮ ዘር ተረፈን" እንባባል ነበር።

ከእኛ በስተግራ ሁለት ቤቶች ነበሩ። የአንደኛው ባለቤት ቆርቆሮውን አውርዶ፣ በሩን ነቅሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ደብረ ብርሃን ገባ። አሁን ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነው ይላሉ። ሁለተኛዎቹ መዘዞ ዘመድ ዘንድ ተጠጉ። ትተውት የሄዱት የድንጋይ ግድግዳ ብዙ አልቆየም፤ አንድ ጠዋት ስንነሣ የለም። እድራችን ሰው ሳይሞትበት ሳሳ።

አንድ ቀን በሬዲዮ፣ በሩቅ አገር ባሕር ዳርቻውን እየበላባቸው ቤታቸውን ወደ ውስጥ ስለሚያዛውሩ ሰዎች ሲወራ ሰማሁ። አንዲት ሴት የእናቷ መቃብር ውኃ ውስጥ ገብቶ መቅረቱን ተናገረች። አገሯን አልያዝኩትም። ስጸልይ ግን አነሣኋት፤ ዛሬም አነሣታለሁ።

ልጄ ያገባችው ደብረ ብርሃን ነው። አረገዘች፤ ተመስገን። በእኛ ዘንድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ዘንድ ሄዳ ነው። አማቼ ደወለልኝ።

"እናቴ፣ እዚህ ሆስፒታሉም ቅርብ ነው፤ እዚሁ ብትወልድስ?"

"ጤና ጣቢያ እኔው እወስዳታለሁ" አልኩት። "የምትታረሰው ግን እኔ ቤት ነው።"

"እንዳሉ" አለ። ጨዋ ልጅ ነው።

ሐምሌ እንደገባ በጤና ጣቢያው በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ። ሸፋፍነን አመጣናት፤ ቤት ገባች። አራስ ከገባች በኋላ እስከ ክርስትናው ድረስ መውጣት የለም። ልጁ ወንድ ሲሆን አርባ ቀን፣ ሴት ስትሆን ሰማንያ። ብርዱ ይፈራላታል፣ ፀሐይ ይፈራላታል፣ የሰው ዓይን ይፈራላታል። ደጅ እንኳ ብቅ ስትል ብረት በእጇ ይዛ ነው። ሕፃኗም ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ከእናቷ ጋር መጋረጃ ውስጥ ናት። እኔም በዚህ ሥርዓት ነው የታረስኩት፤ እናቴም እንዲሁ።

የሰፈር ሴቶች "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊሏት መጡ። የገብስ ገንፎ አገነፋሁ። ሳህኑ ላይ አድርጌ መሐሉን በማንኪያ ጎድጎድ አደረግሁና የነጠረውን ቅቤ ከበርበሬው ጋር አፈሰስሁበት። ሳህኑን መደቡ አጠገብ ሳስቀምጠው ቅቤው መሐሉ ላይ አልረጋም። ወደ አንድ ወገን ሄዶ ጫፉ ላይ ሞላ፤ በሌላው ወገን ገንፎው ደርቆ ታየ።

ከበላያችን፣ ዳገቱ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ ቀድማ አየችው። ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት።

"እዩት! ወደ ምሥራቅ ዞረ! ቅቤው ወደ ምሥራቅ ዞረ!"

"የአገንፊዋ እጅ ጠማማ ሆኖ ነው" አለች ሌላዋ።

"ዝም በይ አንቺ፣ ያንቺ ገንፎ መች ቅቤ አይቶ ያውቃል! ይህች ልጅ ዕድሏ ከፊቷ ነው። ፊቷን ወደ ቤተ መቅደስ አዙራ ነው የመጣች። እልል በሉ እንጂ!"

እልል አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ምሥራቅ ስንጸልይ የምንዞርበት ነው፤ ሙታናችንንም ስንቀብር ፊታቸው ወደዚያ ነው። ገደሉም በዚያው በኩል መሆኑን ያን ቀን ያሰበ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱም ቅቤው ወደ ምሥራቅ ሄደ። በሦስተኛውም ቀን። ባየሁት ቁጥር አማተብኩ፣ አመሰገንኩ።

ሐምሌ እየገፋ ሲሄድ የቤቱ በር አልዘጋ አለ። ባለቤቴ "ክረምት ነው፣ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ነው" ብሎ ከታች ጠረበው። ለጥቂት ቀን ተዘጋ። ከዚያ እንደገና ከታች ያዘ፤ ከላይ ግን እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው። ክፍተቱን በጨርቅ ወተፍኩት፤ ብርዱ አራሷን እንዳይመታት ብዬ።

አውድማው ላይ ስንጥቅ ወጣ። መጀመሪያ ክር ያህል ነበር። ቀጥሎ የዶሮ እግር ገባበት፤ ዶሮዋ እስክትወጣ ስታሽካካ ልጄ ከውስጥ ሰምታ ሳቀች። ባለቤቴ አፈርና ጭድ አቡክቶ ሞላው፤ በእግሩም ጠቀጠቀው። ሌሊቱን ዘንቦ ሲነጋ ስንጥቁ የሞላበትን ሁሉ ጠጥቶታል። እንደገና ሞላው። በጎቹ በጋጣቸው የገደል ወገን መተኛት ተዉ፤ ሁሉም በአንድ ግድግዳ ተጣበው ያድራሉ።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ መጣ። ረጅም ዘንግ ስንጥቁ ውስጥ ሰደደ። ዘንጉ ገብቶ አለቀ፤ በጣቶቹ ጫፍ ይዞ መልሶ አወጣው።

"አባቴ፣ ውጡ" አለ ለባለቤቴ። "ዛሬ ነገ አትበሉ። ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው፤ አንድ ክፍል ይከፈትላችኋል።"

"አራስ አለችን።"

"አራስ ስላለች ነው የምለው።"

"ክርስትናዋ ይድረስ። ያኔ እንወጣለን።"

ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። "እናቴ፣ እርስዎስ?"

"ክርስትናዋ ይድረስ" አልኩ እኔም።

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ከአጥሩ ሲወጣ ስንጥቁን ዘሎ ነው ያለፈው፤ ሲገባ ተራምዶት ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ልጄ ቀን ቀን ዝም ማለት አበዛች።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ከመደቡ ሥር የሚያንኳኳ ነገር አለ፣ እማዬ።"

"አይጥ ነው።"

"አይጥ ይቧጥጣል። ይሄ ያንኳኳል። ደግሞ ይቆማል። ሕፃኗ እንኳ ሲያንኳኳ መጥባት ትተዋለች።"

ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አልሰማሁም። "በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል በይ" ብያት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ፍልሰታ ገባ። ከቅዳሴ መልስ ለእሷ ቅቤውን አነጥራለሁ፤ ለራሴ ንፍሮዬን እበላለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው ገንፎውን ጎድጉጄ ቅቤውን ሳፈስስበት የምሥራቁን ጫፍ ጥሶ ሳህኑ ላይ፣ ከሳህኑም ሰፌዱ ላይ ፈሰሰ።

"እማዬ፣ በጾም ሰከርሽ እንዴ?" አለችኝ ልጄ እየሳቀች።

ሳህኑን አነሣሁና ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ወደ ምሥራቅ። በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ወደ ምሥራቅ። ግማሽ ዙር አዞርኩት፤ ቅቤው ቀስ ብሎ፣ የሚሄድበትን እንደሚያውቅ ሰው፣ ተመልሶ ወደ ምሥራቅ ሄደ።

ልጄ መሳቋን ተወች።

ሳህኑን በነጠላዬ ሸፍኜ በዝናቡ ዳገቱን ወጣሁ። ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

"አንቺ ሴትዮ! የአራስ ገንፎ ይዘሽ በዝናብ ወዴት? በፍልሰታ ልታስገድፊኝ ነው?"

"መደብሽ ላይ ላስቀምጠው።"

"አስቀምጪ፤ ግን አልበላም። ዓይኔ ብቻ ይበላል።"

አስቀመጥኩት። ቅቤው መለስ አለ። መሐሉ ላይ ገብቶ፣ በሁሉም ወገን እኩል ሆኖ ተኛ። ዙሪያውን አየሁት። ውኃ በእንስራ ውስጥ እንደሚተኛ ነው የተኛው።

"ምን እያየሽ ነው?" አለችኝ።

"ቅቤውን።"

እሷም ጎንበስ ብላ አየችው። ሳህኑን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

"እልል ብለን ነበር እኮ" አለች።

ገንፎውን እዚያው ትቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረድኩ። የነፍስ አባታችን ከቅጥሩ በር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሲወጡ አገኘኋቸው።

"አባ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። አራሷ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት። ቤቱ ነው ደኅና ያልሆነ። ክርስትናው ሩቅ ነው። ሳይደርስ ባወጣት ኃጢአት ይሆንብኛል?"

ጃንጥላቸውን ወደ እኔ አስጠጉልኝ።

"ሰማንያው ቀን ቤተ መቅደስ የምትገባበት ነው፤ ገደል የምትገባበት አይደለም" አሉኝ። "ሸፍኛት። ብረቱን ካልተዋችሁ እሱንም አስይዣት። አውጫት። እኔም እጸልያለሁ፤ አንቺ ግን ቆመሽ አትጸልዪ፣ እየሄድሽ ጸልዪ።"

እጃቸውን ተሳልሜ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።

ባለቤቴ አውድማው ላይ ጭድ እየረገጠ ነበር።

"ልናወጣት ነው" አልኩት።

"ማንን?"

"አራሷን።"

"ማን አለ?"

"ቅቤው ወደ ገደል ያዘነብላል። ቤቱ ዘሟል።"

አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። "የአባቴ ቤት፣ ድንጋዩን በጀርባው ተሸክሞ የሠራው ቤት፣ በቅቤ ሊፈረድበት ነው? ነገ ደግሞ እርጎ አይተሽ ንግድ ቤት ክፈት ትይኛለሽ።"

ልጄ ከውስጥ ሰማች። በሩ አልከፈት ብሏት በሁለት እጇ ስባ ከፈተችው። ሕፃኗን ታቅፋለች።

"አባዬ፣ ያንኳኳል" አለችው። "ሌሊትም ቀንም ያንኳኳል። አንተ አትሰማም፤ ከመደቡ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። እወጣለሁ።"

ሳቁን አቆመ። "በብርዱ እንዲህ አትቁሚ" አለ። ገብቶም ፍራሹን ጠቀለለ።

ሕፃኗን ደረቷ ላይ አሰርናት። ከላይ ሁለት ጋቢ አለበስናት፤ ቢላዋውን አስያዝኳት። ጎረቤቴ ጃንጥላ ይዛ ወርዳ መጣች። ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ አውድማውን ሞልቶት ነበር፤ ስንጥቁ አይታይም። ባለቤቴ ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ፣ በዘንግ ፊቱን እየነካ መራን። ጎረቤቴ ከአራሷ ጎን ሆና፣ "ዓይነ ክፉ ሁሉ ዞር በል! ዛሬ ጉም ነው፣ ብታይም አታይም!" እያለች ትጮኻለች። በዚያ ጉም ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ልጄ ሳቀች። እኔ እንደታዘዝኩት እየሄድኩ እጸልይ ነበር።

ጎረቤቴ ከሁለቱ ክፍሏ አንዱን ለቀቀችልን። እሷና ልጆቿ በገደሉ ወገን ያለውን ክፍል ያዙ። "ለአራስ ሞቃቱ ይሻላል" ብላ ነው። እግዚአብሔር ይስጣት፤ ለሌላ ነገር አላሰበችውም፣ እኔም አላሰብኩትም።

ቤቱ ግን አልወደቀም። ነሐሴ አለቀ፤ ቆሟል። ዘመን ተለወጠ፤ ቆሟል። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ወርዶ በጎቹን አይቶ ይመለሳል። "ቆሟል" ይለኛል ሲገባ፤ ሌላ ሰላምታ የለውም። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ፣ "ቅቤ ያሰደዳት መጣች" ይሉኛል። "ዘንድሮ ቅቤ በስንት ነው? ቤት ያስለቅቃል አሉ!" ይላሉ። እስቃለሁ። ምን እላለሁ? ፀሐይ ወጥታ፣ መሬቱ ደርቆ፣ አደይ አበባው በስንጥቁ አፍ ላይ ፈክቶ ነበር።

በመስቀል ሰሞን ባለቤቴ ቁርጡን ተናገረ።

"ክርስትናዋ በአያቷ ቤት ይሁን። ዝናቡ አልቋል። ቅዳሜ እንመለሳለን፣ እሑድ ክርስትና ትነሣለች። በሰው ቤት ጠላ ጠምቄ በሰው ቤት አላጠጣም።"

ልጄ ወደ እኔ አየች። በሰው ቤት መታረስ ከብዷት ነበር፤ ይገባኛል። የሚያንኳኳውም ድምፅ በዚህ ቤት የለም፤ ረስታዋለች።

"አንተ ተመለስ" አልኩት። "ልጄንና የልጅ ልጄን ግን አልሰጥህም።"

በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንዲህ ብዬው አላውቅም። አየኝና ወጣ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ለክርስትናው የሚሆነውን ጋን ሊያመጣ ወረደ። እኔ ደጅ ተቀምጬ ጌሾ እወቅጥ ነበር። ሰማዩ አንድ ደመና የለውም። ጋኑን በገመድ አዝሎ አጥሩን ሲወጣ አየሁት። ዳገቱን ጀመረ። ያኔ ከበስተጀርባው ድምፅ መጣ። ነጎድጓድ አይመስልም፤ እህል ከጆንያ ወደ ጎተራ ሲገለበጥ ይመስላል፤ ግን አላቋርጥ አለ። የቤታችን ቆርቆሮ አንዴ በፀሐዩ አንጸባረቀ። የጓሯችን ባሕር ዛፎች ቆመው እንዳሉ፣ ሳይወድቁ፣ ወደ ታች ሄዱ። ከዚያ አቧራው ከገደሉ ተነሥቶ እንደ ጠዋት ጉም አፋፉን ሞላው።

አቧራው ሲረጋ ቤቱ የለም፤ አውድማውም የለም። ጋጣውም የለም፤ በጎቹ ለግጦሽ ወጥተው ነበር፣ ተመስገን።

ባለቤቴ ዳገቱ መሐል ቆሟል። ጋኑን አልጣለውም። ወጥቶ አጠገቤ ደረሰና ከጀርባው አወረደው፤ እንዳይሰበር ቀስ ብሎ።

"ጋኑን አወጣሁት" አለኝ።

"ተመስገን" አልኩት።

ገብቶ ሕፃኗን አቀፋት። እስኪመሽ ድረስ ለማንም አልሰጣትም። እኔ ተደፍቼ መሬቱን ተሳለምኩ። ግንባሬ ነክቶት እያለ፣ ይህም መሬት ስንት ዘመን ይቆያል የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ቶሎ ተነሣሁ።

እሑድ ክርስትና ተነሣች። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄድነው በአዲሱ መንገድ ነው፤ በሰው ማሳ መሐል ዞሮ የሚሄደው። የነፍስ አባታችን ስሟን ሰጧት። አማቼ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ነበር፤ በማግሥቱ ሊወስዳቸው መኪና ተነጋግሯል። ከእንግዲህ ልጄ ደኅና ቦታ ናት። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ለማማተብ ይነሣል።

ጎረቤቴ ቤት ስንመለስ ለልጄ ገንፎ አገነፋሁላት። ሴቶቹ ሞልተዋል፤ ጋኑ መሐል ቤት ተቀምጧል። መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤውን አፈሰስኩ፤ ሳህኑንም ያን የዝናብ ቀን ባስቀመጥኩበት መደብ ላይ አስቀመጥኩት።

ቅቤው መሐሉ ላይ አልቆመም። ብዙ አይደለም፤ የጣት ውፍረት ያህል። ወደ ምሥራቅ።

ጎረቤቴ ጠላ እየቀዳች ነበር። ፊቴን አይታ ቀረብ አለች፤ ሳህኑንም አየችው።

"ስትቀጂው አጋድለሽው ነው" አለችኝ። እንደ ልማዷ ልትስቅ ፈለገች።

ሳህኑን ግማሽ ዙር አዞርኩት። ሁለታችንም ጠበቅን። ቅቤው ቀስ ብሎ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ።

ከኋላችን ሴቶቹ ለሕፃኗ እልል ይላሉ። ጎረቤቴ ቆሪዋን መሬት አስቀመጠች። እጇን ያዝኩ።

"ዛሬ ልጆችሽ እዚህ፣ ከኛ ጋር ይተኛሉ" አልኳት። "ነገ መኪናው ሲመጣ እናንተም ዕቃችሁን ጫኑ።"

ወደ ገደሉ ወገን ወዳለው ክፍል ገብታ ፍራሹን መጠቅለል ጀመረች።